የለጋሹ ነገረ ፈጅ፤ በጎ አድራጎትን በመቶኛ ስለ መመዘን የቀረበ ትችት

በጎ አድራጎትን ስለሚቈጣጠር ሕግ በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው «ከመቶው ብር ስንቱ ለድኻው ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከቅን ልብ የሚወጣ ነው። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሕግ አውጪዎችም ይህንኑ ጥያቄ ተቀብለው መልሱን በቍጥር ወስነው በአዋጅ አጽፈውታል፤ የኛም አገር ሕግ እንደዚሁ አድርጓል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ግን የመቶኛ ሚዛን ሌባውን የማይዝ፣ ሌባ ያልሆነውንም ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቅ ሚዛን መሆኑን ነው። ለጋሹን የሚጠብቀው በገንዘቡ ላይ የተቈረጠ ልክ ሳይሆን፣ ገንዘቡ ሲጠየቅ የተነገረው ቃል እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ተከታትሎ የሚመረምር የመንግሥት ነገረ ፈጅ ነው። ስለዚህም የበጎ አድራጎት ቍጥጥር ሸማቹን ከመጠበቅ ሥራ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ይገባዋል እላለሁ።

ለማስረጃ በመጀመሪያ የምወስደው የአሜሪካን አገር ነው። ይህን የማደርገው የሩቁን ለማድነቅ አይደለም፤ በዚያ አገር ይኸው ክርክር ከ1980 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት ውስጥ አራት ጊዜ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተራ በተራ ስለ ተመረመረ ነው። (የውጭውን አገር ዘመን በእነርሱ አቈጣጠር፣ የኢትዮጵያን አዋጆች ዘመን በኛ አቈጣጠር ጽፌዋለሁ።)

«ነገረ ፈጅ» የሚለው የቀድሞ ቃላችን ለዚህ ሥራ «ዐቃቤ ሕግ» ከሚለው ይልቅ የሚስማማ ይመስለኛል። ዐቃቤ ሕግ፣ ቃሉ ራሱ እንደሚያስረዳው፣ የሕግ ጠባቂ ነው። ነገረ ፈጅ ግን ራሱ መጥቶ ሊከራከር በማይችል ባለ ጉዳይ ስም ቆሞ ነገሩን እስከ መጨረሻው የሚያደርስ ነው። በበጎ አድራጎት ነገር ደግሞ ዋናው ችግር ባለ ጉዳዩ አለመታወቁ ነው። አንድ ሰው ከሱቅ የተበላሸ ዘይት ቢገዛ፣ ቤቱ ወስዶ ሲከፍተው ያውቀዋል፤ ይመልሰዋል፤ ባለ ሱቁ እንቢ ካለው ይከሳል፤ ይህ ሁሉ ባይሆንለት ለጎረቤቱ ይናገራል። ለታመመ ሕፃን ማሳከሚያ ብሎ 200 ብር የሰጠ ሰው ግን ገንዘቡ መድረሱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሕፃኑም በስሙ ምን ያህል እንደ ተለመነ አያውቅም። ከፋዩ ዕቃውን አያይም፤ ዕቃው የሚደርሰው ሰው ደግሞ መከፈሉን አያውቅም። ሁለቱንም የሚያውቅ በመካከል የቆመው ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ለጋሽ ማለት የገዛውን ዕቃ ዐይቶት የማያውቅ ሸማች ነው።

የእንግሊዝ ሕግ ይህን ቀዳዳ ቀደም ብሎ ዐይቶታል። በ1601 በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የወጣው ሕግ ለድኻ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለድልድይ ማሠሪያና ይህን ለመሰለው ሥራ የተሰጠ ሀብት መባከኑንና አለመባከኑን የሚጠይቁ መርማሪዎች እንዲሾሙ አዘዘ። ጥቅሙ የሚደርሰው ሰው በስም ተለይቶ የማይታወቅ ስለሆነም በበጎ አድራጎት ሀብት ጉዳይ በፍርድ ቤት የመቆም ሥልጣን የዘውዱ ጠቅላይ ነገረ ፈጅ ሥልጣን ሆነ። አሜሪካኖች ይህን ወረሱ። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ለብዙ ዘመን በመጽሐፍ ላይ ያለ ሥልጣን ብቻ ነበር፤ ማን ምን ያህል የአደራ ገንዘብ እንደ ያዘ የሚያሳይ መዝገብ ስላልነበረ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሚነሣው ሰው መጥቶ ሲነግረው ነበር። ለዚሁ ሥራ ብቻ ሹምና መዝገብ እንዲኖር በሕግ ያዘዘችው የመጀመሪያይቱ ግዛት ትንሿ ኒው ሃምፕሺር ስትሆን ዓመቱም 1943 ነበር።

የሸማቹ ጥበቃ በሌላ መንገድ መጣ። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በ1914 ሲቋቋም ዐላማው ነጋዴ ነጋዴን በማይገባ መንገድ እንዳይጥለው ነበር። በ1938 በተደረገው ማሻሻያ ግን ተፎካካሪው ቢጐዳም ባይጐዳም ገዢን የሚያታልል ድርጊት በራሱ ተከለከለ። ግዛቶቹም በኋላ ይህንኑ ቃል በየራሳቸው ሕግ አስገቡት። በዚህም ምክንያት በበርካታ ግዛቶች በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት የሚቀጠር አንድ ወጣት ሕግ ዐዋቂ በአንድ እጁ የአሮጌ መኪና ነጋዴን፣ በሌላ እጁ የወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ ማኅበርን መዝገብ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ለውጭ ተመልካች ሁለቱ መዝገቦች አንዱ ከሌላው ጋር የማይገናኝ ይመስላል።

እኛ ተማሪዎች ጠበቃ ሲባል የሚታየን ካባ ለብሶ በዳኛ ፊት የሚናገር ሰው ነው። የዚህ ነገረ ፈጅ ሥራ ግን አብዛኛው ንባብ ነው። በመጀመሪያ አንዲት አሮጊት ወይም የአሮጊቲቱ ልጅ የጻፈችው የአቤቱታ ደብዳቤ ይደርሰዋል። በሕግ በተሰጠው ሥልጣን ወረቀት እንዲቀርብለት ያዛል፤ ድርጅቱ ለግብር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያቀርበውን የሒሳብ መግለጫ ያነባል፤ ድርጅቱ በክፍያ ገንዘብ ከሚለምንለት የንግድ ኩባንያ ጋር የተዋዋለውን ውል ያነባል። (እንዲህ ያለውን ኩባንያ ከዚህ በኋላ «ለማኝ ኩባንያ» እለዋለሁ፤ ቃሉ ቢሻክርም ትክክል ነው።) ከሁሉ የሚበልጠው ወረቀት ግን የኩባንያው ስልክ ደዋዮች እንዲያነቡት የሚሰጣቸው ጽሑፍ ነው። በዚያ ላይ «ገንዘብዎ በዚሁ በከተማችን ላሉ ሕሙማን ይውላል» ተብሎ ተጽፎ፣ በሒሳቡ ላይ ግን በከተማው አንድም ሕመምተኛ ካልተረዳ፣ ነገረ ፈጁ ክሱን አገኘ ማለት ነው። ብዙ ጊዜም ነገሩ ከፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል፤ ድርጅቱ ድርጊቱን ለማቆም ይፈርማል፤ ያልባከነ ገንዘብ ካለም ሰጪዎቹ ላሰቡት ለሚቀርብ ሥራ ይውላል።

አሁን ወደ መቶኛው ልመለስ። ሻውምበርግ የተባለች በኢሊኖይ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ከቤት ቤት እየዞረ የሚለምን ማኅበር ሁሉ ከሚሰበስበው ገንዘብ ቢያንስ 75 ከመቶውን ለበጎ አድራጎቱ ሥራ እንዲያውል ደነገገች። ይህን የተቃወመው የአካባቢን አየርና ውሃ ንጽሕና የሚከታተል ማኅበር ነበር። የዚህ ማኅበር ሥራ ስንዴ ማደል አይደለም፤ ሥራው መመርመር፣ ማስተማርና መከራከር ነው፤ ለዚህም የሚወጣው ገንዘብ ደመወዝ ነው። ከቤት ቤት የሚዞረውም ሰው ሲለምን ያስተምራል፣ ሲያስተምር ይለምናል። እንግዲህ የዚህ ሰው ደመወዝ የልመና ወጪ ነው ወይስ የዐላማው ሥራ? ከተማይቱ መልስ አልነበራትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ሕጉን ሻረው፤ ምክንያቱም ለበጎ ሥራ መለመን ከመናገር ነፃነት የማይለይ ስለሆነ፣ ማታለልን ለመከልከል ተብሎ ማታለል የሌለበትን ንግግር ሁሉ በቍጥር መቍረጥ አይገባም የሚል ነበር።

ሜሪላንድ ከተሰበሰበው ገንዘብ ከ25 ከመቶ በላይ ለልመና ወጪ እንዳይከፈል ከልክላ፣ ነገር ግን ለተቸገረ ማኅበር ፈቃድ የሚሰጥበትን በር ከፍታ ነበር፤ ይህም በ1984 በ5 ድምፅ ለ4 ወደቀ። ሰሜን ካሮላይና ከሁሉ ይልቅ የተጠበበችበትን ሕግ አወጣች። የለማኝ ኩባንያው ድርሻ እስከ 20 ከመቶ ከሆነ ተገቢ፣ ከ20 እስከ 35 ከሆነ የሚመረመር፣ ከ35 ካለፈ ደግሞ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ አላግባብ እንደ ሆነ የሚቈጠር ነው፤ ደዋዩም ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ባለፉት 12 ወራት ከሰበሰበው ስንት ከመቶውን ለበጎ አድራጎት ማኅበራት እንዳስረከበ እንዲናገር ታዘዘ። ይህም በ1988 ተሻረ። ፍርድ ቤቱ ግን ነገሩን ባዶ አልተወውም፤ መንግሥት የድርጅቶቹን ሒሳብ ራሱ ያትም፣ አታላዩንም በማታለል ሕግ አጥብቆ ይክሰስ አለ። በሌላ አነጋገር፣ ሥራውን ከቍጥሩ ወደ ነገረ ፈጁ መለሰው።

ሦስት ጊዜ የተሸነፉት ግዛቶች «እንግዲህ ለማኝ ኩባንያ እንደ ፈለገው ይኑር ማለት ነውን?» ብለው ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። መልሱ የመጣው በአራተኛው ጉዳይ ነው፤ እኔም ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያገኘሁት በዚህ ነው። በኢሊኖይ የቬትናም ጦርነት ዘማቾችን የሚረዳ ማኅበር ከአንድ ለማኝ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። በውሉ መሠረት ከሚሰበሰበው ገንዘብ 85 ከመቶው የኩባንያው፣ 15 ከመቶው የማኅበሩ ነው። ከ1987 አጋማሽ እስከ 1995 መጨረሻ ድረስ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሰበሰብ ለማኅበሩ የደረሰው 1.1 ሚሊዮን ያህል ነበር። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በ1991 ከሰሰ። በክሱ ከተዘረዘሩት ድርጊቶች መካከል፣ ደዋዮቹ ለጠየቃቸው ሰው ከሚሰጠው ገንዘብ 90 ከመቶው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ለዘማቾቹ እንደሚደርስ መናገራቸው ነበር።

የግዛቱ ፍርድ ቤቶች በሦስቱም ደረጃ ክሱን ዘጉት፤ «ይህም ያው የተሻረው የመቶኛ ክስ በሌላ ልብስ መጣ» አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2003 በሙሉ ድምፅ ገለበጠው። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሩት ቤደር ጂንስበርግ ነገሩን ሲለዩ፣ 85 ከመቶ መውሰድ ብቻውን ማታለል አይደለም፤ ሳይጠየቁ ድርሻን አለመናገርም ብቻውን ማታለል አይደለም፤ 85 እየወሰዱ 90 ይደርሳል ብሎ መናገር ግን ማታለል ነው፣ የመናገር ነፃነትም ይህን አይሸፍነውም የሚል ነበር። ክሱ ሊሰማ ይችላል ለመባል ብቻ 12 ዓመትና ሦስት ጠቅላይ ዐቃቤያነ ሕግ ተፈራርቀውበታል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው በዚህ ቦታ የሐዋርያት ሥራን 5ኛ ምዕራፍ ሳያስብ አያልፍም። ሐናንያ መሬቱን ሸጦ የዋጋውን ከፊል አስቀረ፣ ከፊሉን በሐዋርያት እግር አጠገብ አኖረ። ጴጥሮስ የጠየቀው ግን ስንት ከመቶ አስቀረህ ብሎ አይደለም፤ መሬቱም ዋጋውም በሥልጣኑ ሥር እንደ ነበሩ ነው የነገረው። የተፈረደበት ያስቀረውን ሙሉ ነው ብሎ በማቅረቡ ነው። በአንጻሩ ደግሞ በዮሐንስ ወንጌል 12ኛ ምዕራፍ ስለ ሽቱው ብክነት አስልቶ ለድኾች ቢሰጥ ይሻል ነበር ያለው ሰው፣ ከረጢቱን የሚይዘው ይሁዳ ነበር። የወጪ ሒሳብ ሁልጊዜ ከቅን ሰው አፍ እንደማይወጣ ከዚህ በፊትም ይታወቅ ነበር።

የመቶኛ ወዳጆች የሚያቀርቡት ብርቱ መከራከሪያ አንድ ነው፤ እርሱም የነገረ ፈጁ ድኽነት ነው። ዳኛ ሬንኲስት በሻውምበርግም በሰሜን ካሮላይናም ነገር የተለየ ሐሳብ የጻፉት ግዛቶች እንዲህ ያለውን ልክ ለማድረግ ሥልጣን አላቸው በማለት ነበር። በእርግጥም በየስልኩ የተነገረውን ቃል ፈልጎ ለማግኘት ሰውና ጊዜ ያስፈልጋል፤ በብዙ ግዛት ደግሞ ለዚህ ሥራ የተቀመጡት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ግን ተቀምጦ ሁለት ቍጥር አካፍሎ ልኩ ማለፉንና አለማለፉን በአምስት ደቂቃ ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ መቶኛ ርካሽ መሣሪያ ነው ይላሉ። ርካሽ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ችግሩ ለማምለጥም ርካሽ መሆኑ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው በ2015 ግንቦት በአሜሪካ የተከፈተው የካንሰር ማኅበራት ክስ ነው። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ከሃምሳውም ግዛቶችና ከዋና ከተማይቱ ከዋሽንግተን ጋር አብሮ፣ በአንድ ቤተሰብና በዘመዶቻቸው ዙሪያ የቆሙ አራት የካንሰር መርጃ ማኅበራትን ከሰሰ። ዋናው «ካንሰር ፈንድ ኦፍ አሜሪካ» ይባል ነበር። ክሱ እንደሚለው ከ2008 እስከ 2012 ድረስ ከ187 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሕዝብ ተሰብስቧል። ለሰጪዎቹ የተነገራቸው ለካንሰር ሕመምተኛ ሕፃናት የሥቃይ ማስታገሻ እንደሚገዛ፣ ሕሙማን ወደ ሕክምና እንደሚመላለሱ ነበር። ለማኝ ኩባንያዎቹ ብዙ ጊዜ ከእያንዳንዱ ዶላር 85 ሳንቲምና ከዚያም በላይ ይወስዱ ነበር፤ ከተረፈውም ለመኪና፣ ለመርከብ ሽርሽር፣ ለልጆች የኮሌጅ ክፍያና ለስፖርት መመልከቻ ትኬት ወጥቷል ተብሏል።

አንባቢ «መቶኛ ቢኖር ኖሮ እነዚህን ይይዛቸው ነበር» ሊል ይችላል። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። በወረቀት ላይ የማኅበራቱ መቶኛ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም። ይኸውም ወደ ውጭ አገር የሚላክ የመድኃኒትና የልዩ ልዩ ዕቃ ጭነት በስማቸው እንዲያልፍ አድርገው፣ ዋጋውን ከፍ አድርገው ገምተው፣ የተቀበሉትና ያደሉት የዓይነት ስጦታ ነው ብለው ከ223 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሒሳባቸው ስለ ጻፉ ነው። ገቢው ሲያብጥ የልመናው ወጪ ከመቶው ያለው ድርሻ ያንሳል፤ ለፕሮግራም የዋለው ድርሻ ይበዛል። በሒሳብ አስተማሪ ዘንድ ይህ የማካፈል ጥያቄ ነው፤ ተካፋዩን ሳይነኩ አካፋዩን ማሳበጥ ነው። መቶኛውን የሚወድ ተቈጣጣሪ ባለበት አገር መቶኛውን የሚያሳምር ሒሳብ ያዥ አይጠፋም። የያዛቸው ሌላ ነገር ነው፤ የደዋዩ ጽሑፍ፣ የተላከው ደብዳቤ፣ ተነገረ የተባለው የሥቃይ ማስታገሻ አለመኖሩ ነው።

የፌዴራሉ ኮሚሽን ራሱ ሥልጣኑ ለትርፍ በቆሙ ድርጅቶች ላይ ብቻ ነበር። ወደዚህ ክስ ሊገባ የቻለው ማኅበራቱ ለግለሰቦች ጥቅም የቆሙ የስም በጎ አድራጎቶች ናቸው በማለትና፣ በ2001 የወጣው ሕግ የስልክ ሽያጭ ደንቡን በበጎ አድራጎት ስም ለሚደውሉ ኩባንያዎችም ስላደረሰው ነው። የቫኪዩም መጥረጊያ በስልክ ለሚሸጥ ሰው የተጻፈው ደንብ ለካንሰር ሕመምተኛ ስም ዋለ። ሁለቱን መዝገብ በአንድ ጠረጴዛ ያስቀመጠው አስተሳሰብ ያፈራው ፍሬ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ነገረ ፈጁን ዝም ብዬ አላመሰግነውም። እርሱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ክሱ እስከ 2016 መጋቢት በስምምነት ሲያልቅ ማኅበራቱ ፈረሱ፣ መሪዎቹም በበጎ አድራጎት ስም ገንዘብ ከመሰብሰብ ታገዱ፤ በፍርድ የተወሰነው ብዙ አሥር ሚሊዮን ዶላር ግን ባለ ዕዳዎቹ የሚከፍሉት ስላልነበራቸው አብዛኛው ታግዶ ቀረ። የሰጪው ገንዘብ አልተመለሰም። ደግሞም የጂንስበርግ ፍርድ ለነገረ ፈጁ ከባድ ሸክም አሸክሞታል፤ ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ሰሚውን ለማሳሳት ብሎ መናገሩን ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል። ሳሙና የሚሸጥ ሰው በሐሰት ማስታወቂያ ሲከሰስ እንዲህ ያለ ሸክም ከሳሹ ላይ ብዙ ጊዜ አይጫንም። ስለዚህ በዚያም አገር ቢሆን ሳሙና የገዛ ሰው ለሕመምተኛ ከሰጠው ሰው ይልቅ ይጠበቃል።

ሌላው ጥርጣሬዬ ነገረ ፈጁ ከተነገረው ቃል ተነሥቶ ወደ ድርጅቱ አስተዳደር ሲገባ የሚፈጠረው ነው። በፔንሲልቫኒያ ግዛት በ1909 የቸኮላት ነጋዴው ሚልተን ሄርሺ ለወላጅ አልባ ልጆች ትምህርት ቤት የአደራ ሀብት አቋቋመ፤ የቸኮላቱን ኩባንያ የሚያዝበት አክሲዮንም በኋላ ወደዚሁ አደራ ገባ። በ2002 ባለ አደራዎቹ ሀብቱ ሁሉ በአንድ ኩባንያ ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩ ለትምህርት ቤቱ አደጋ ነው ብለው ኩባንያውን ሊሸጡ ተነሡ። የከተማው ሰው ሥራችንን እናጣለን ብሎ ጮኸ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ማይክ ፊሸር ፍርድ ቤት ቀርበው ሽያጩን አሳገዱ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ለግዛቲቱ አገረ ገዥነት ይወዳደሩ ነበር። በምርጫው አልቀናቸውም፤ ኩባንያው ግን ሳይሸጥ ቀረ። ማንም ለማንም አልዋሸም፤ የተታለለ ለጋሽም አልነበረም። ነገረ ፈጁ የቆመው ለሕዝብ ነው ቢባል፣ ያ ሕዝብ ወላጅ አልባዎቹ ልጆች ናቸው ወይስ ድምፅ የሚሰጡት የከተማው ሰዎች? በእኔ አስተያየት የነገረ ፈጁ እግር ጠንካራ መሬት የሚረግጠው ስለ ተነገረ ቃል ሲከራከር ነው፤ ስለ መልካም አስተዳደር ሲፈርድ ወደ ፖለቲካ ይንሸራተታል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የቀድሞው የመረዳጃ ሥርዐታችን ነገረ ፈጅ ያላስፈለገው ለምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይጠቅማል። በእድር ውስጥ ከፋዩና ተቀባዩ አንድ ናቸው፤ ዛሬ የሚያዋጣው ነገ ድንኳኑ በደጁ የሚተከልለት ነው። ገንዘብ ያዡ ጎረቤት ነው፤ ሒሳቡ ቢጎድል በስብሰባ ይጠየቃል፤ ቢክድ ከሰፈሩ ጋር ይጣላል። የሰንበቴና የማኅበርም ነገር እንደዚሁ ነው። ዛሬ በከተማችን የምናየው ልመና ግን ሌላ ነው። የታማሚ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እየለመነ ይዞራል፤ የባንክ ሒሳብና የቴሌብር ቍጥር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በውጭ አገር ያለው ወገናችን ደግሞ ያላየውን ሰው ለማሳከም ከደመወዙ ይቈርጣል። ይህ እንግዳ ለእንግዳ የሚሰጥበት ልመና ነው። አብዛኛው እውነተኛ ችግር ነው። ጥቂቱ ሐሰት የሆነ ቀን ግን ዕዳውን የሚከፍለው ቀጣዩ እውነተኛ ሕመምተኛ ነው።

ሕጋችን ለዚህ ያዘጋጀው ምንድን ነው? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቍጥር 621 የአስተዳደር ወጪ ከ30 ከመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህን ለማስፈጸም በ2003 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ብዙ የጉዞ፣ የሥልጠናና የክትትል ወጪን በአስተዳደር በኩል ስለ ቈጠረው ድርጅቶቹ አጥብቀው ተቃወሙት። በገጠር ቀበሌ ሄዶ እናቶችን የሚያስተምር ማኅበር የሚያወጣው ወጪ ነዳጅና አበል ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? የሻውምበርግ ጥያቄ በሌላ ቋንቋ እዚህም ተጠየቀ። (ያ አዋጅ የበለጠ የተወቀሰበት፣ ከውጭ አገር ከ10 ከመቶ በላይ ገቢ የሚያገኙትን ከሰብዓዊ መብት ሥራ ማገዱ ነበር፤ እርሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።) በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113 የአስተዳደር ወጪን ትርጉም አጥብቦ ከፕሮግራሙ ሥራ ጋር ያልተያያዘው ወጪ ብቻ እንዲሆን አደረገ፤ ይህም ትልቅ መሻሻል ነው። ልኩን ግን ወደ 20 ከመቶ አወረደው። ሚዛኑ ተስተካከለ እንጂ ሚዛንነቱ አልተለወጠም። የሚለካውም በደጅ የቆመው መዝገብ ያለው ድርጅት ነው፤ በድምፅ ማጉያ የሚዞረው መኪና የሚለካ የአስተዳደር ወጪ የለውም።

የሸማቹን ሕግ ስንመለከት ደግሞ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ሲከለክል ሸማችን የተረጐመው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚገዛ ሰው ብሎ ነው፤ ዋጋውን ራሱ ቢከፍልም ሌላ ሰው ቢከፍልለትም። እንግዲህ ሌላ ሰው የከፈለለት ሰው ሸማች ሲሆን፣ ለሌላው የከፈለው ሰው ግን ሸማች አይደለም። ለባዕድ ልጅ ማሳከሚያ የሰጠው ሰው የተነገረው ቃል ሐሰት ቢሆን የሚቀረው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 692ኛ አንቀጽ ነው፤ አታላይነት። ይህ ሕግ አታላዩን ያስቀጣል፤ ነገር ግን በወንጀል ክስ ከባድ የማስረጃ ሸክም የሚመጣ ነው፤ ደግሞም 50 ብር ለሰጠ ሰው ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ከ50 ብሩ ይከብዳል። ማኅበራትን የሚመዘግበው ባለሥልጣን ለብቻው፣ የንግዱን ነገር የሚከታተለው ሚኒስቴር ለብቻው፣ ዐቃቤ ሕጉ በፍትሕ ሚኒስቴር ለብቻው ሆነዋል። አሳሳች ልመና በሦስቱ መካከል በሰፊው ያልፋል።

የሕግ ተማሪ ጓደኞቼ እንዲከራከሩበት የማቀርበው ሐሳብ ጠባብ ነው። ሃያ ከመቶው ይቅር ወይም ይኑር አልልም። በሸማቹ ሕግ ትርጉም ውስጥ በተነገረው ቃል አምኖ ለሌላ ሰው ጥቅም ገንዘብ የሰጠ ሰው ይጨመር፤ በሕዝብ ፊት ገንዘብ የሚለምን ሁሉ፣ ድርጅት ቢሆን ግለሰብም ቢሆን፣ ሲጠየቅ የሚያሳየው ወረቀት እንዲኖረው ይገደድ። ያን ጊዜ አንድ ወጣት ነገረ ፈጅ መኪናውን በመንገድ ዳር አስቁሞ ሊጠይቅ የሚችለው ነገር ይኖረዋል፤ የሒሳብ ቍጥሩ በማን ስም የተከፈተ ነው፣ እስከ ዛሬ ስንት ገባበት፣ የሐኪም ቤቱስ ደረሰኝ የት አለ?